ሰባት ቤት ስንቆጥር የዘለልነው

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ውሻ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። እኔን ግን ከባለቤቴ የደበቅሁትን ነገር እንድናገር ያስገደደኝ አንድ ውሻ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ በጅቡቲ ከተማ በቆየሁበት ወቅት፣ በወደቡ አቅራቢያ ካለ መጋዘን ዘበኛ ጋር ተዋወቅሁ። ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። ከአጠገባቸው የማይለየው ጥቁር ላብራዶር ቀድሞ ዕቃ በማሽተት ይፈትሽ የነበረ፣ ዘሩ በመዝገብ የተጻፈ ንጹሕ ዝርያ ነው። ቀን ቀን ሰውን ከሩቅ ይለያል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከሣጥን ጋር ይጋጫል።

«ልጄ፣ ዳፍንት ነው፤ ከነወንድሞቹ ነው የያዘው» አሉኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የጅቡቲ ሙቀት አልነበረም። አያቴና እኅታቸው ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሱ ሲገቡ አይቼ ነው ያደግሁት። ባለቤቴም በዚያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርሁ። በእንግሊዝ አገር የውሻ ዘር መዝገብ የሚይዘው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አርቢዎች የዝርያው መልክ እንዳይለወጥ ሲሉ መዝገብ ያልገባውን ውሻ እየከለከሉ ዘመድን ከዘመድ አዳቀሉ፤ ስመ ጥር የሆነ አንድ ወንድ ውሻም የብዙ ቡችሎች አባት ሆነ። ስለዚህ በአንዱ ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ጉድለት በልጅ ልጆቹ ላይ ከእናትም ከአባትም ወገን ተገናኘ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ላብራዶርን ጨምሮ ብዙ ዝርያዎችን በዳፍንት ጀምሮ የሚያሳውረውን የዘረ መል ስሕተት ለይተው አወቁ፤ ያው ስሕተት በሰው ላይም ተገኘ። ስሕተቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ተሸካሚ ጤነኛ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ግን የሚወለደው እያንዳንዱ ቡችላ ከ4 አንድ የመታመም ዕድል አለው። ዛሬ አስተዋይ አርቢ ውሻውን አስመርምሮ ተሸካሚውን ከነጻው ጋር ብቻ ያገናኛል፤ በዚህ በሽታ የሚታወር ቡችላም አይወለድለትም። የሚደብቅ አርቢ ግን በሽታውን ለሌላው ይሸጣል።

ተስፋም አለ። በሌላ የዘረ መል ስሕተት ምክንያት ዕውር ሆኖ የተወለደ ላንስሎት የተባለ ውሻ፣ ጤነኛው ዘረ መል ዓይኑ ውስጥ ገብቶለት ማየት መቻሉ እ.ኤ.አ. በ2001 ተገለጸ። በዚያው መንገድ የተዘጋጀ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ለሰው ተፈቀደ።

እኛስ? በጋብቻችን ጊዜ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረዋል። በጦር አካዳሚ ሳለን በዚህ ልማድ እንቀልድ ነበር፤ አሁን ጥበቡ ይታየኛል። ሆኖም ዘር ሲቆጠር ሕመም አልተቆጠረም። እኔም «የዘር በሽታ አለበት» እንዳልባል ዝም አልሁ፤ ለጓዶቼ ስለ እውነተኛነት የማስተምር መኮንን ሳለሁ!

በማግሥቱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«አያትህ በሠርጋችን ማታ በሩን ሲዳብሱ አይቻቸዋለሁ» አለችኝ። «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከጅቡቲ እንደ ተመለስሁ አያቴን ይዘን ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ የሁለታችንንም ወገን ጠይቆ የትውልድ ሐረጋችንን በወረቀት ላይ ሣለ፤ ከእርስዋ ወገን ይህ ሕመም ስላልታየ ለልጃችን ያለው ሥጋት አነስተኛ መሆኑን አስረዳን። ዳፍንት ሁሉ የዘር እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከቪታሚን ኤ ማነስ እንደሚመጣና ያም በምግብና በመድኃኒት እንደሚድን ጨምሮ ነገረን። ስለዚህ የሚያሻው መመርመር እንጂ መገመት አይደለም።

ለማግባት የምትዘጋጁ የሰፈራችን ወጣቶች ሆይ፣ ሰባት ቤት ስትቆጥሩ በየቤቱ ማን ምን እንደ ታመመም ጠይቁ። የተጠየቃችሁም ሳታፍሩ መልሱ። ተሸካሚነት ነውር አይደለም፤ መደበቁ ግን ዋጋውን የሚያስከፍለው ገና ያልተወለደውን ነው።