ቫስኮ ዳ ጋማና አሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች

ስለ እግር ኳስ ክለብ በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ ወረቀት ማባከን የሚመስለው ጓደኛ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ያለው የቫስኮ ዳ ጋማ ክለብ ታሪክ ከኳስ የሚያልፍ ነገር አለበት።

ክለቡን በ1898 (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ያቋቋሙት በሪዮ የሚኖሩ የፖርቱጋል ስደተኞች ሲሆኑ ዓላማቸው የጀልባ ቀዘፋ ነበር። ስሙንም የሰጡት መርከበኛው ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ስለ ነበረ ነው። ይህ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ዐፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ የመጣው ክርስቶፎር ዳ ጋማ የዚሁ መርከበኛ ልጅ ነበር። ወደ ኳሱ እንመለስ።

ቫስኮ እግር ኳስ የጀመረው በ1915 ነው። ያን ጊዜ በሪዮ ኳስ በአብዛኛው የጌቶች ልጆች ጨዋታ ነበር። ከቫስኮ በፊት ጥቁርና ክልስ ተጫዋች ያሰለፈ ክለብ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የባንጉ ፋብሪካ ክለብ ቀድሞታል። ባንጉ ግን የከተማውን ዋንጫ ገና አልወሰደም ነበር። ቫስኮ በ1922 ሁለተኛውን ክፍል አሸነፈና በ1923 ወደ አንደኛው ክፍል በገባበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በረኛው ጥቁር የታክሲ ነጂ ነበር፤ ከጓደኞቹም ውስጥ ቀለም ቀቢና የወደብ ጫኝ ነበሩበት። ደኻ ሲጫወት ማየት ብዙ አላስቆጣም፤ ሲያሸንፍ ግን ነገሩ ተለወጠ።

በ1924 ፍላሜንጎ፣ ፍሉሚኔንሴ፣ ቦታፎጎና ሌሎችም ታላላቅ ክለቦች ተገንጥለው አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ቫስኮም ልግባ ቢል 12 ተጫዋቾቹን እንዲያስወጣ ታዘዘ። ቆዳቸው ስለ ጠቆረ ነው የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ሥራቸው ያጠራጥራል ተባለ፤ ክለቡም ደኅና ሜዳ የለውም ተባለ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችልም እንዳይጫወት ተከለከለ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ይህ የፊደሉ ነገር ነው። ቀድሞም ቢሆን ተጫዋች ሜዳ ከመግባቱ በፊት መፈረም ነበረበት፤ ቫስኮም ተጫዋቾቹ ስማቸውን መጻፍ እንዲችሉ አስተማሪ እንደ ቀጠረላቸው ይተረካል። እኛ በብዕር ለማደር የምንማር ሰዎች ብዕር በር የሚዘጋ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታየንም። እዚያ በእግሩ ያቃታቸውን ሰው በእጁ ሊጥሉት ፈለጉ።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ጆዜ አውጉስቶ ፕሬስቴስ ሚያዝያ 7 ቀን (በነሱው አቆጣጠር) አጭር ደብዳቤ ጻፈ። እነዚህ ልጆች ገና ጀማሪዎች ናቸው፤ በተቀበላቸው ቤት እጅ ስማቸው አይጎድፍም፤ ስለዚህ ማኅበራችሁን ትተናል የሚል ነው። ይህ ደብዳቤ ዛሬ «ታሪካዊው መልስ» ይባላል። ቫስኮ ያን ዓመት በቀድሞው ሊግ ከትናንሾቹ ክለቦች ጋር ተጫውቶ ዋንጫ ወሰደ፤ በ1925 አዲሱ ማኅበር ተቀበለው። ሜዳ የለህም ስለ ተባለም ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የሳኦ ጃኑዋሪዮን ስታዲየም ሠሩ፤ በ1927 ሲመረቅ በደቡብ አሜሪካ የሚተካከለው አልነበረም። (በምርቃቱ ቀን ሳንቶስ 5 ለ 3 አሸነፈው።) የብራዚል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ልክ የታወጀውም በ1940 በዚሁ ሜዳ ነው።

ዋንጫ ለሚቆጥር፦ የብራዚል ሻምፒዮና በ1974፣ በ1989፣ በ1997ና በ2000፤ ሊቤርታዶሬስ በመቶኛ ዓመቱ በ1998። ከ2008 ወዲህ አራት ጊዜ ወደ ሁለተኛው ክፍል ወርዷል፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

በ1948 ግን በሳንቲያጎ፣ በደቡብ አሜሪካ የሻምፒዮኖች ውድድር ሳይሸነፍ አንደኛ ወጣ። በረኛው ባርቦዛ የሚባል ጥቁር ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በማራካና ኡራጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፋ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ ጥፋቱ ሁሉ በባርቦዛ ላይ ተጫነ፤ በ2000 እስኪሞት ድረስም አልተተወለትም። ቫስኮ ግን አላባረረውም፤ የ1950ን የሪዮ ዋንጫ የወሰደው ባርቦዛን በረኛ አድርጎ ነው።