ቢያስጨንቅም አያንቅም

በእስፓኝ ቋንቋ ከሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አንዱ «ዲዮስ አፕርየታ ፔሮ ኖ አኦጋ» ይላል። ትርጓሜውም «እግዚአብሔር ቢያስጨንቅም አያንቅም» ማለት ነው። የዚሁ ቋንቋ ተናጋሪ ልቡ ሞልቶበት ኀዘኑን ለወዳጁ አፍስሶ ሲነግር፥ ይህን አድራጎቱን «ዴሳኦጋርሴ» ይለዋል፤ ይኸውም ከመታነቅ መውጣት፥ ትንፋሽን ማስለቀቅ ነው። «አኦጋ» እና «ዴሳኦጋርሴ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ቅኔ የዘረፈ ሰው ይህን ሲሰማ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት አይቸገርም፤ እግዚአብሔር የማያንቅ ከሆነ፥ የታነቀውን ወንድሙን የሚያስተነፍስ ሰው የእርሱን ሥራ ይሠራል።

ይህ ነገር ለቃላት ጨዋታ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአሜሪካ አገር በካንሰር ሕሙማን አልጋ አጠገብ ትልቅ ቁም ነገር ሆኖ ተገኝቷል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ላቲኖ ወይም ሂስፓኒክ ተብለው የሚጠሩት ሰዎች በ2020 ዓ.ም. ቈጠራ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) 62 ሚሊዮን ያህል ሆነዋል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ኑሯቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ከሜክሲኮ መጥቶ በሰው እርሻ ላይ የሚደክመው ሠራተኛና ከ1917 ጀምሮ በሕግ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው የፖርቶ ሪኮ ሰው አንድ አይደሉም። ካንሰር፥ በአማርኛ ነቀርሳ የሚባለው፥ በ2009 የልብ በሽታን አልፎ በእነርሱ ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኖ ነበር።

ከእነዚህ ሕሙማን ለአንዱ «ወደ አእምሮ ሐኪም ሂድ» ቢሉት፥ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «እኔ እብድ አይደለሁም» ብሎ ነው። «ና፥ ትንፋሽህን አስለቅቅ» ቢሉት ግን ምን እንደ ተጠራ ያውቃል። ከዚህም የከፋ ነገር ነበረ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ለእናቱ እንዲያስተረጕም ልጅ ይጠራ ነበር። ሕፃን «በሽታሽ አይድንም» የሚለውን ቃል በምን አንደበት ለእናቱ ይንገራት? ዝም ቢል፥ ወይም ቢያለዝበው፥ ማን ይፈርድበታል? ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ የሚከለክል ደንብ በ2016 ወጥቷል፤ በጣም ዘግይቶ የመጣ ደንብ ነው።

በኒው ዮርክ በሚገኘው በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሐኪም ቤት ዊልያም ብራይትባርት የተባሉት የአእምሮ ሐኪም፥ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ሥጋቸው ከመሞቱ አስቀድሞ ተስፋቸው ሲሞት አይተው አንድ የንግግር ሕክምና አዘጋጁ። መሠረቱን ያገኙት ከቪየናው ሐኪም ከቪክቶር ፍራንክል ትምህርት ነው። ፍራንክል አይሁዳዊ ስለ ነበሩ ናዚዎች በማጎሪያ ሰፈር ጥለዋቸው፥ አባታቸው፥ እናታቸውና ሚስታቸው በሰፈሮቹ አልቀው፥ እሳቸው በ1945 ነጻ ወጡ፤ በማግሥቱም ዓመት ሰው በመከራ ውስጥ ሳለ የሕይወቱን ትርጉም ሊያገኝ እንደሚችል የሚናገረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የብራይትባርት ሕክምና በ253 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ2015 በታተመው ውጤት፥ በጉባኤ የተማሩት ከሌሎቹ ይልቅ ተስፋ መቍረጣቸውና ሞትን መመኘታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህንኑ ሕክምና ለእስፓኝኛ ተናጋሪዎች ለማስማማት በዚያው ቤት ዶክተር ሮዛርዮ ኮስታስ ሙኚስና ባልደረቦቻቸው ደክመዋል። ቃሉን ብቻ ገልብጠው አላለፉም፤ ሕሙማኑንም ሐኪሞቹንም ጠየቁ። ጊሌርሞ በርናልና ባልንጀሮቻቸው ከፖርቶ ሪኮ በ1995 እንደ ጻፉት፥ አንድን ሕክምና ለሌላ ሕዝብ የሚያስማማ ሰው ከቋንቋው በቀር ምሳሌውን፥ ሐሳቡን፥ ግቡንና የኑሮውን ሁኔታ ጭምር መመርመር አለበት። ለምሳሌ ሕክምናው ሕመምተኛውን «ለኋለኞች የምታስቀምጠው ቅርስ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቤትም ርስትም የሌለው የቀን ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ንብረቱን የተጠየቀ መስሎት አንገቱን ሊደፋ ይችላል፤ ያሳደጋቸው ልጆች ቅርሱ እንደ ሆኑ አስተርጓሚው ካልገለጠለት።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ቢሆን በሥፍራው ካልገባ ይጎዳል። «እግዚአብሔር አያንቅም» የሚለውን ቃል ለሚያለቅስ ሰው ቸኩሎ የሚነግር፥ ካህንም ይሁን ሐኪም፥ ያው ራሱ አናቂ ሆነ ማለት ነው። አስቀድሞ መስማት ይገባዋል። ደግሞም ሊቃውንት ላቲኖዎችን «ሁሉን ለዕድል የሚተዉ ናቸው» ብለው ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን የሐኪም ዋጋ የሌለው ድኃ «እንደ ፈቃዱ» ቢል፥ ሃይማኖቱ ብቻ ነው እንዲህ ያሰኘው ወይስ ባዶ ኪሱም ጭምር? ይህን ሳይለዩ መጻፍ ቀላል ፍርድ ነው።

በሕክምናው በሁለተኛው ቀን ሕመምተኛው «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ አራት መልስ ይጽፋል። ጥያቄው ሰውን ለብቻው ነጥሎ የሚያይ ይመስላል። ከፑኤብላ መጥታ በኒው ዮርክ የምትኖር አንዲት እናት ወረቀቱ ቢሰጣት፥ «የእናቴ ልጅ ነኝ፤ የልጆቼ እናት ነኝ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ» ብላ ሦስቱን ቶሎ ትጽፍ ይሆናል። በአራተኛው መስመር ላይ እስክርቢቶዋን ይዛ ትቈያለች። ሐኪሟ ቋንቋዋን የሚያውቅ ከሆነ ዝም ብሎ ይጠብቃታል፤ በመጨረሻም፥ የበሽታውን ስም ለልጆቿ እስካሁን እንዳልነገረቻቸው፥ በገዛ ቃሏ ትጀምርለታለች።