ከሰንበቴ ገበያ የመጣ ጎመን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ጋቢውን ይደርባል፣ ደብረ ሲና ቆሎውን ይገዛል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ የደረበውን ሁሉ ያወልቃል። ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ አጣዬ ከመድረሱ በፊት ያለችው ሞቃት ከተማ ሰንበቴ ናት። የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳው የሚገኘው ደግሞ ከሚሴን መቀመጫው ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። በአዘቦት ቀን መንገደኛው በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። እሁድ ግን ገበያ ነውና ሹፌሩም ቢሆን ቶሎ አያልፋትም።

የሰንበቴን ገበያ ስም ያስጠራው የሚገናኝበት ሰው ነው። ከምሥራቅ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬ ማሽላና ማሾ ያወጣል። ከምዕራብ በኩል ካለው ደጋ የአማራ ገበሬ ገብስ፣ ባቄላና ጎመን ይዞ ይወርዳል። አርጎባውም አይጠፋም። እሁድ ሰንበቴ የዋለ ነጋዴ ሰኞ ባቲ ገበያ ይደርሳል። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ግመሉ ተራ ነው የሚሰበሰቡት። እኔ ያመራሁት ጎመን ተራ ነበር።

ለዓመታት አብራኝ በነርስነት ያገለገለች ጓደኛዬ ጡረታ ከወጣች በኋላ ከልጇ ጋር የምትኖረው ሰንበቴ ነው። ቅዳሜ ማታ ስለ ልጅ ልጆቻችን ስናወራ፣ የእኔዎቹ ጎመን ሲያዩ ሳህኑን ገፋ እንደሚያደርጉ ነገርኳት። “ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ ገለባ አድርገው እያቀረቡላቸው ልጆቹ ምን ያድርጉ?” አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው። በየቤቱ በብዛት የሚሠራው እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ገበያ ወጣን። ጎመኑ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ውኃ እየተረጨበት ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት ሌላ መላ የለውም። ጓደኛዬ ከአንዷ ጋር በአማርኛ “ጎመን”፣ ከሌላዋ ጋር በኦሮምኛ “ራፉ” እያለች ዋጋ ታስቀንሳለች። “እናቴ፣ ትናንት ማታ የተቀነጠሰ ነው፤ እንጨቱን ስበሪው” አለቻት አንዲት ሻጭ። ሰበረችው፤ ቀጭ አለ። ሳይሰበር የሚጎብጥ እንጨት ያረጀ ጎመን ምልክት ነው፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ ከጀመረውም ይቅር። ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት በጣሳ የጎመን ዘር ይሸጣሉ፤ የዛሬ ልጆች ባያውቁትም ምጣድ የሚታሰሰው በእሱ ነው።

ሻጮቹን ስላለፉት ዓመታት ብንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬንና አካባቢዋን ባመሰው ግጭት ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ደገኛው ለመውረድ፣ ቆለኛው ገበያ ለመውጣት የፈራበት ጊዜ ነበር። ማሽላው ጎተራ ውስጥ ይቆያል። ቅጠል ግን አይቆይም፤ ገበያ ሲታጠፍ ከቆላው ድስት ቀድሞ የሚጠፋው ጎመን ነው። “መንገዱ ሰላም ይሁንልን እንጂ ጎመኑስ አለ” አለችን ያችው ሻጭ።

ጎመን በአገራችን ክብሩን ያጣ ምግብ ነው። ክረምት ገብቶ እህል ሲያልቅ የሚበላው እሱ ስለነበር፣ እሸት ሲደርስ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” ተብሎ ይሸኛል። የችግር ምልክት ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅበት ቤትም አለ! እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሲመሽ ዓይናቸው የማያይ፣ ዳፍንት የያዛቸው ሕፃናት አይቻለሁ፤ ጥፍራቸው የነጣ ነፍሰ ጡሮችንም እንዲሁ። ከነዚህ ቤቶች ጥቂት የማይባሉት ጓሮ ጎመን ነበረው። ስለዚህ ያ ምንቸት ባይወጣ እመርጣለሁ።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ጓደኛዬ ለአምስት ሰው ሦስት እስር ጎመን ወሰደች። ሳትከትፈው በፊት ቅጠል በቅጠል እያገላበጠች፣ ውኃውን ሦስት ጊዜ እየቀየረች አጠበችው። ከተከተፈ በኋላ ከታጠበ ጥቅሙ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ወፍራሙን እንጨት ለይታ፣ ቅጠሉን ጠቅልላ አደቀቀችው።

የከሰል ምድጃው ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት በአራት ማንኪያ ዘይት አቁላላች፤ ሽንኩርቱ ለስለስ እንጂ አልቀላም። የደቀቀ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ጨመረች። ከዚያ ጎመኑን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። ሞልቶ ሊፈስ ይመስላል፤ ሙቀቱ ሲያገኘው ግን ወዲያው ይሟሽሻል። ግማሽ ስኒ ውኃ ብቻ አድርጋ ከደነችው። በመሃል ሁለቴ አማሰለች። በ15 ደቂቃ ገደማ በስሏል፤ አረንጓዴነቱም አልጠፋም። ሊወጣ ሲል ጨውና ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለ ቃሪያ ጨመረች። የሚደፋ ውኃ የለም። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፈንታ ቅቤ፣ እንግዳ ሲኖር ሥጋ ይገባበታል።

እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ቫይታሚን ሲና ፎሊክ አሲድ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሙ፣ መቀቀያው ሲደፋ አብረው ይደፋሉ፤ ፎሊክ አሲድ ደግሞ በተለይ ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልግ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለውንና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር አንጀት በደንብ የሚወስደው ቅባት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱን አትሰስቱ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ ጤና ጣቢያ የሚወስዱትን የቫይታሚን ኤ እንክብል ግን ጎመን አይተካውም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጨው መጨረሻ ላይ የሚገባው አዮዲኑ ረጅም እሳት ስለማይወድ ነው። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አዮዲን ያለው መሆኑን ማሸጊያው ላይ አይታችሁ ግዙ፣ ዕቃውንም ክደኑ።

ለአያቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች ጎመን መተው የለባችሁም፤ መጠኑን ግን አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ምንም አታድርጉት። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ገና 6 ወር የሞላው ሕፃን ካለ ደግሞ ጎመኑን ጨው ሳይነካው ቀንሳችሁ፣ አልማችሁ ገንፎው ውስጥ ጨምሩለት።

ምሳው በማሽላ እንጀራ ቀረበ። ጓደኛዬ በየሳህኑ ላይ ሎሚ ጨመቀች፤ በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል፣ ጣዕሙም ይነቃል። የአራት ዓመት የልጅ ልጇ የተላጠውን የጎመን እንጨት እንደ አገዳ እየቆረጠመች ሳህኗን ጨረሰች። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ ገብተው ነበር፤ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ስኒው ታጥቧል፣ ቡናው ግን አልተቆላም። ቡናና ሻይ ከምግብ ላይ ሲጠጡ ብረቱን ስለሚያስቀሩት እሷ ቤት ቡና ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። “የሲስተር ቤት ቡና በቀጠሮ ነው” አሉ አንድ ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን እያዞሩ። ተቀምጠው ግን ጠበቁ።