ከምናለሽ ተራ እስከ ጓሮዬ፤ በተጣለ ጣውላ የዶሮ ቤት ስለ መሥራት

ስለ ሩቅ አገር መንገድ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። በመርከብ የሔደው ስለ ባሕር፥ በአይሮፕላን የሔደው ስለ ደመና ይተርካል። እኔ ዛሬ ለአንባቢዎቼ የምነግረው መንገድ ግን አጭር ነው፤ ከቤቴ ደጃፍ ተነሥቶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ወደ ጓሮዬ ይመለሳል። ሆኖም ከብዙ ሩቅ መንገድ ይልቅ ትምህርት ያገኘሁበት ስለ ሆነ፥ ቢጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

የመንገዱም ምክንያት ይህ ነው። አምና በጓሮአችን ስምንት ዶሮዎች ነበሩን። ከእነርሱም አንዲቱን ገብስማ ቄብ ታናሺቱ ልጄ ከጫጩትነቷ ጀምራ ከእጅዋ እያበላች አሳድጋት ነበር። ቤታቸውን ያሠራሁት በችኰላ ነው፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ ቀጫጭን እንጨት እንዲያቆምና ዓይኑ ሰፊ በሆነ ሽቦ እንዲከብበው አዘዝሁ፤ እኔም በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። በሐምሌ ወር በአንዲት ዝናባም ሌሊት ሽልምጥማጥ ገብቶ ስድስቱን ፈጀ፤ ገብስማይቱም ከሞቱት አንዲቱ ነበረች። ልጄ ማለዳ እህል ይዛ ሔዳ የሆነውን ካየች በኋላ ወደ እኔ መጣች፤ አላለቀሰችም፤ «አባባ፥ በየት በኩል ገባ?» ብቻ አለችኝ። እኔም ቤቱን አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አይቼው ስለማላውቅ የምመልሰው አጣሁ። ባለቤቴም «እርስዎ በሰው መዝገብ ላይ አንዲት ፊደል ብትጐድል ያያሉ፤ በራስዎ ጓሮ ግን ይህን ያህል ቀዳዳ ሳያዩ ቀሩ» አለችኝ። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ዝም አልሁ። አዲሱን ቤት በገዛ እጄ ልሠራም ያን ጊዜ ቈረጥሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቼ ቍልቍል ወደ መርካቶ ወረድሁ። ከጥንት የነበረው የአራዳ ገበያ በዚሁ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ገበያው ወደ ዛሬው ስፍራ የተዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት በቆየው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። መርካቶ ማለትም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነውና፥ ጠላት ሲሔድ ስሙን ትቶልን ሔደ። ጎን ለጎን የቆሙትን የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያንና የአንዋርን መስጊድ አልፌ፥ በሸክምና በጋሪ መካከል እየተጋፋሁ ምናለሽ ተራ ደረስሁ።

ይህን ስፍራ ያላየ ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ መዶሻ ሁሉ በአንድነት የሚጮህበት ነውና። በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች ከየቤቱ የገዙት አሮጌ ዕቃ አብዛኛው መጨረሻው እዚህ ነው። በአንድ በኩል የዘይት በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ በሌላው በኩል የተጣመመ ብረት ተቃንቶ ለሽያጭ ይደረደራል። ሌላው ሰው የጨረሰው ነገር በዚህ ስፍራ ገና መጀመሩ ነው።

እኔ የፈለግሁት ፓሌት የሚባለውን የዕቃ መጫኛ ርብራብ ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣልን ዕቃ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ሲሆን፥ ከዚህም ብዙው በዚህ ርብራብ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ዕቃው ሲራገፍ ርብራቡ ይጣላል፥ ወይም ማገዶ ይሆናል። በአውሮፓ ልክ የተሠራው ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ክብደቱ 25 ኪሎ ያህል ነው፤ በ78 ሚስማሮችም የተመታ ነው።

የርብራቡ ሻጭ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ጣውላው የነጣውን ስመርጥ አይተው «ጌታዬ፥ መልኩን ይተዉት፤ መጀመሪያ ማኅተሙን ያንብቡ» አሉኝ። በማኅተም መካከል ለኖርሁት ለእኔ ይህ መነገሩ አሳፈረኝ። «አባቴ፥ የቱ ነው ማኅተሙ?» ብዬ ብጠይቃቸው በርብራቡ ጎን ላይ በእሳት የታተመውን አሳዩኝ። እንጨት ተባይ ይዞ ከአገር አገር እንዳይሻገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓመት በወጣው የመንግሥታት ደንብ መሠረት፥ ርብራቡ ከመላኩ በፊት ይታከማል። «ኤች ቲ» የሚል ፊደል ያለበት በሙቀት የታከመ ነው፤ ይኸውም የእንጨቱ እምብርት ሳይቀር በ56 ዲግሪ ሙቀት ከ30 ደቂቃ ያላነሰ የቆየ ማለት ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ግን በመርዝ ጢስ የታጠነ ስለ ሆነ ለእንስሳ ቤት አይመረጥም። ዘይት ወይም መድኃኒት የፈሰሰበት፥ ክፉ ሽታ ያለውም እንደዚሁ ይቅር። እኔም «ኤች ቲ» ያለባቸውን አሥር መርጬ በአነስተኛ የጭነት መኪና ወደ ቤቴ አስጫንሁ።

ሥራውን ስጀምር አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአጥሩ በኩል አይቶኝ «ዛሬስ አናጢ ሆኑ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እንደ ከለከሉ አስታወስሁትና አብረን ሳቅን። በኋላም ኮቱን አውልቆ ጣውላውን ያዘልኝ።

አሠራሩን ለሚሻ እነሆ። ሁለቱን ርብራብ ለጣውላቸው ብዬ ፈታሁ፤ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ሚስማሩን በቀስታ ከሥር እያነሡ መንቀል ያስፈልጋል። ሦስቱን ጎን ለጎን በ50 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ቋሚ ላይ አሳርፌ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ወለል አደረግሁ፤ ይህም ለስምንት ዶሮዎች በቂ ነው። ሦስቱን በጀርባው አቆምሁ፤ ሁለቱንም በግራና በቀኝ በጎናቸው አጋድሜ የጐደለውን ከላይ በጣውላ ሞላሁ። ፊት ለፊቱን ከጀርባው ከፍ አድርጌ ክዳኑን በቆርቆሮ ወደ ኋላ አዘቀዘቅሁት፤ የክረምት ውኃ ከበሩ እንዲርቅ ነው። ከክዳኑ ሥር አንድ ስንዝር ያህል የአየር መውጫ ተውሁ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ቢሆንም፥ ከብርድ ይልቅ የታፈነ የኩስ ሽታ የዶሮን ሳንባ ይጐዳልና። ቆጡን ጠርዙን አለስልሼ ከእንቍላል መጣያው ሳጥን ከፍ አደረግሁት፤ ያለዚያ ዶሮዎቹ በሳጥኑ ውስጥ እያደሩ ያቆሽሹታል። ለአራት ዶሮ አንድ ሳጥን ይበቃል። ቅንቅን ቀን በእንጨት ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ደም ስለሚመጥ፥ ስንጥቁን ሁሉ በኖራ ቀባሁት።

የቀረው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነበር። በርብራብ ጣውላዎች መካከል ክፍተት አለ፤ ሽልምጥማጥም አካሉ ቀጭን ስለ ሆነ በጠባብ መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ልጄን ጠርቼ «አንቺ መርማሪ ሁኚ፤ ሁለት ጣትሽ የሚገባበትን ሁሉ አሳዪኝ» አልኋት። እርስዋም ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ ተጐንብሳ ከወለሉም በታች ገባች። አሥራ ሰባት ቀዳዳ ቈጠረችብኝ። እኔ ግን ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ቀዳዳውን ሁሉ በጣውላ ደፈንሁ፤ የአየር መውጫውንም ዓይኑ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ሸፈንሁት፤ ለበሩም ሁለት መቀርቀሪያ አደረግሁለት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቄቦች ከቢሾፍቱ አስመጣሁ። ፈንግል የሚባለውን በሽታ ጣውላ አይከለክለውምና ክትባታቸውን አስደረግሁ፤ ሁለት ሳምንትም ለብቻቸው አቆይቼ ከቀሩት ከሁለቱ አሮጌዎች ጋር ቀላቀልኋቸው።

ዘንድሮ ሐምሌ ዝናቡ እንደ አምናው ሆነ። በአንዲት ሌሊት ከጓሮው የጥፍር ድምፅ ሰማሁ፤ ፋኖስ ይዤ ብወጣ አውሬው ሸሽቷል። ሲነጋ ከልጄ ጋር ሔደን አየን፤ በጭቃው ላይ ኮቴው ቤቱን ዞሮታል፥ በበሩም ጣውላ ላይ ጥፍሩ ጭሯል። ልጄ በሩን ከፍታ እስከ ስምንት ቈጠረች። ዞራም «አባባ፥ በየትም በኩል አልገባም» አለችኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሠራተኛ ማዘዝ የሚቻለው ሰው ቢያዝ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ያሠራውን ራሱ ዞሮ ይመልከት። ጠባቂ ያደረጉን ሁሉ፥ ዶሮም ቢሆኑ፥ ሌሊቱን የሚያድሩት በእኛ ትጋት ልክ ነውና።