ገጽ 31

ሮድሪግ የምትባል ደሴት መኖሯን ያወቅሁት ወደዚያ ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ስለ ደሴቲቱ ሕዝብ 48 ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜ አስረክቤአለሁ። አንባቢ ቀጥሎ የምለውን ሁሉ ይህን እያስታወሰ ያንብብልኝ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2001 መጀመሪያ ነው። በሙያዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ፈረንሳይ አገር ስለተማርኩ ቋንቋውን እችላለሁ፤ እርከን ደግሞ ወሎ ውስጥ ዓመታት ቆጥሬበታለሁ። የሞሪሺየስ መንግሥት ሮድሪግ ላይ የሚያካሂዳቸውን የልማት ሥራዎች የሚገመግም ቡድን ውስጥ የገባሁት በእነዚህ በሁለቱ ነው። የቀጠረኝን ድርጅት ስም አላነሳም። የጻፈችው የእኔ እጅ ናት።

ሮድሪግ ከዋናው ደሴት በስተምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተቀመጠች የሞሪሺየስ ግዛት ናት። በፕሮፔለር አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ስፋቷ 108 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው። ከፍተኛው ቦታ፣ ሊሞን ተራራ የሚሉት፣ 398 ሜትር ነው። ወሎ ላደገ ሰው ጉብታ ነው። ዙሪያዋን ግን በኮራል አለት የታጠረ፣ ጥልቀት የሌለው ሰማያዊ ባሕር ከቧታል፤ ላጉን ይሉታል። ስፋቱ የመሬቱን እጥፍ ይሆናል። አውሮፕላኑ ሲያጎነብስ አይኔ ያረፈው በተራቆቱት ኮረብቶች ላይ ነበር። ባሕሩን እንደ ሥዕል ክፈፍ አልፌው ሄድኩ። ጥፋቴ ገና ከአየር ላይ ሳለሁ ነው የጀመረው።

ደሴቲቱ ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ዕቅድ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሞሪሺየስን የያዙት ፈረንሳዮች ሮድሪግ ላይ ሞልተው የነበሩትን ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች በአሥር ሺዎች እየጫኑ ለምግብ ወሰዱ። ኤሊው አለቀ። የዶዶ ዘመድ የሆነችው፣ መብረር የማትችለው ሶሊቴር የተባለች ወፍም ጠፋች። ይህን ማታ ማታ በእንግዳ ማረፊያው ሳነብ «የመጀመሪያው የአቅርቦት ፕሮጀክት!» ብዬ ብቻዬን ስቄአለሁ። ሪፖርቴ ውስጥ ግን አልገባም። ታሪክ የሚባለው ነገር በመግቢያው ላይ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር የተፈቀደለት።

በዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ መግባት የነበረበት ሌላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የሮድሪግ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ፣ ነፃነትን የሚቃወመውን ፓርቲ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ መረጡ። በሚቀጥለው ዓመት ማርች 12 ቀን ሞሪሺየስ ነፃ ወጣች፤ ሮድሪግም ሳትወድ አብራ ወጣች። በክሪዮል የሚናገሩ፣ አብዛኞቹ ካቶሊክ የሆኑ፣ ብዙዎቹ ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ልጆች በሩቅ ዋና ከተማ ይተዳደሩ ጀመር። በ1976 ፖርት ሉዊስ ውስጥ «የሮድሪግ ሚኒስቴር» ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሰርዥ ክሌር የሚባል የደሴቲቱ ተወላጅ ፓርቲ መሠረተ፤ ኋላም የዚያ ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆነ። የራስ አስተዳደር ጥያቄ በደሴቲቱ ላይ ያልተነሣበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔ ስደርስ ነገሩ ወደ ሕግ እየተጠጋ ነበር፤ በየሱቁ በር የሚወራው እሱ ነው። እኔ ካብ እለካለሁ።

መንግሥት ደሴቲቱ ላይ ያሠራውን እርከን አደንቅ ነበር፤ ዛሬም አደንቃለሁ። ቁልቁለቱ ላይ በድንጋይ የታነጸ ካብ በካብ ላይ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ሣር በቅሎበት ከመሬቱ ጋር ተዋህዷል። ሌላው ከብት እየረገጠው፣ አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ እየገፋው ተንዷል። ቀይ አፈሩ በየሸንተረሩ ወርዶ ላጉኑ ውስጥ ይገባል። አብሮኝ የሚዞረው የደሴቲቱ ልጅ፣ ወጣት የግብርና ሠራተኛ፣ ከፈረሰው ካብ አጠገብ ስንደርስ ሁልጊዜ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ በደብተሬ የፈረሰውን በሜትር፣ የቆመውን በሜትር እጽፋለሁ። በመጨረሻ መቶኛ አወጣሁለት።

አንድ ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ከታች፣ እርጥቡ አለት ላይ፣ ሴቶች በላስቲክ ቦቲ፣ በእጃቸው ረጅም ሹል ብረት ይዘው ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። በክሪዮል ኡሪት የሚሉትን ኦክቶፐስ ወግተው የሚያወጡ ናቸው። ያወጡትን በእንጨት ላይ ሰቅለው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከሩቅ ሲታይ የታጠበ ልብስ ይመስላል። አንዲት ስድሳ ያለፋቸው የሚመስሉ ሴት ወደ መንገዱ ወጡ። ከሳቸው ቤት በላይ ያለው ካብ ፈርሷል። ወጣቱ እየተረጎመልኝ ስለ ካቡ ጠየቅኋቸው። ብረታቸውን መሬት ተክለው አዩኝ።

«ሚሲዬ፣ ካቡ ሲፈርስ ለማን ነው የምንናገረው?»

ወጣቱ ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ማፈሩን አየሁት። እኔ ግን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። ስፈልገው የነበረውን ጥቅስ አገኘሁ። በሙያችን ቋንቋ አንድ የተወደደች ሐረግ አለች፤ ወሎም ሳለሁ ሳልደግማት የዋልኩበት ቀን የለም፦ «ኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም።» ሴትዮዋን በዚያች ሐረግ ተርጉሜ ደብተሬ ውስጥ ከተትኳቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ወደ ወሎ ልመለስ፤ የእኔ ዕውርነት የተሠራው እዚያ ነው። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ እርከን እናሠራ ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነው። ተራራው ሲከለል፣ ችግኝ ሲተከል፣ ካቡ ሲታነጽ ገበሬው ይሠራል፤ እኔም በኪሎ ሜትርና በሄክታር እየቆጠርኩ ወደ ላይ አስተላልፋለሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ የተተከለው ተመነጠረ፤ ካቡም ተነቀለ። ጎረቤት ለጎረቤት «የመንግሥት ዛፍ» እየተባባለ ነው የቆረጠው። ያን ጊዜ ቆሜ ሳይ «ድንቁርና» አልኩ። ሰውዬው ለምን «የእኔ ዛፍ» አላለም ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ያ ዛፍ የት ይተከል፣ ማን ይጠብቀው፣ መቼ ይቆረጥ ተብሎ አንድም ቀን ያልተጠየቀ ሰው «የእኔ» የሚለው ከየት አምጥቶ ነው?

እንዲያውም ሌላ የሚያሳፍር ነገር አለ። የውጭ ባለሙያዎች ስለ አገራችን «የማስፈጸም አቅም ገና አልዳበረም» ብለው ሲጽፉ ደሜ ይፈላ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጬ ለጓደኞቼ ያን ዓረፍተ ነገር በቃሌ እያነበብኩ አስቄአቸዋለሁ። ሮድሪግ ላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ላብ እያጠመቀኝ ራሴ ጻፍኩት። ገጽ 31 ላይ ነው። ነጥቡ ይህ ነበር፦ ሕዝቡ የተሠራለትን የመንከባከብ ልምድ ስለሌለው የራስ አስተዳደሩ ከመጽደቁ በፊት የአቅም ግንባታ ይቅደም፤ የልማት ፕሮግራሙም ለጊዜው ከፖርት ሉዊስ ይመራ። ማስረጃ ብዬ ያቀረብኩት የሴትዮዋን ጥያቄ ነው። ስለ ላጉኑ አንድ አንቀጽ አለ፤ «የደለል መጠን» ይላል። ብረት ይዘው ስለሚሄዱት ሴቶች ምንም የለም። በዚያ ደሴት ቤት የሚያስተዳድር ገንዘብ ከዚያ አለት ላይ ተለቅሞ ሲመጣ እያየሁ፣ ዓሣ የእኔ ዘርፍ አይደለም ብዬ ተውኩት።

ማንም ሪፖርቴን አንብቦ የተንቀሳቀሰ አይመስለኝም፤ ይህ እንኳ ትንሽ ያጽናናኛል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 20 ቀን የሞሪሺየስ ብሔራዊ ምክር ቤት የሮድሪግ ክልላዊ ምክር ቤትን የሚያቋቁመውን ሕግ አጸደቀ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ተካሄደ፤ ኦክቶበር 12 ቀን 2002 ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ዜናውን አዲስ አበባ ሆኜ ሰማሁ። «እንግዲህ እናያለን» አልኩ፤ የሚወድቅ ልጅ የሚጠብቅ ዘመድ በሚናገርበት ድምፅ።

የተመለስኩት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በራሴ ገንዘብ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ። ያነሣሣኝ አንድ የማውቀው የዓሣ ባለሙያ ናይሮቢ ላይ ያወራኝ ወሬ ነው። ሮድሪጎች ላጉኑን ለኦክቶፐስ ዘጉት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ማንም ኡሪት እንዳይወጋ ከለከሉ፤ ትንንሾቹ እንዲያድጉ። ሐሳቡን የቀሰሙት ከማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ መንደርተኞች ነው፤ እዚያ ዓሣ አጥማጆች ከዓመታት በፊት ጀምረውታል። በተዘጋባቸው ሳምንታት አጥማጆቹ ባሕር ዳር በማጽዳትና በመሳሰለው ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል። ባሕሩ ሲከፈት የወጣው ኡሪት ከቀድሞው የከበደ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይዘጋል። ማመን አቃተኝ። ከአለቱ ላይ የዕለት ጉርሱን የሚለቅም ሰው «ሁለት ወር አትንካ» ቢባል እሺ የሚለው ማንን ነው? ወሎ ላይ እኔን እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ሮድሪግ ስደርስ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቡና የያዝኩበትን ፌስታል በትሕትና ወሰደችብኝ። ደሴቲቱ የላስቲክ ከረጢት ካገደች ዓመት አልሞላም። ዋናይቱ ሞሪሺየስ ገና አላገደችም፤ ያገደችው በ2016 ነው። ቡናዬን ታቅፌ ወጣሁ።

ሴትዮዋን ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም። ስማቸውን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅ? ቤታቸው የነበረበት አካባቢ ሌላ ሴት አገኘሁ፤ አርባ ዓመት ገደማ፣ እንደዚያው ቦቲ ያደረጉ። ከቤታቸው በላይ ያለው ካብ ግማሹ ተጠግኗል፣ ግማሹ እንደወደቀ ነው። ስለ መዝጊያው ጊዜ አወሩኝ። መጀመሪያ ተናደው እንደነበር፣ ስብሰባው ላይ እንደጮሁ፣ ኋላ ሲከፈት ያወጡትን እንዴት እንደተሸከሙ፣ በእጃቸው እየለኩ ነገሩኝ። ሰርቀው የሚወጉ እንዳሉም አልደበቁም፤ አንዱ የጎረቤታቸው ልጅ ነው።

ያን ጊዜ ከአፌ አመለጠኝ፤ «ሰው ሰርቆ ሲወጋ ለማን ነው የምትናገሩት?» አልኳቸው። ጥያቄው የማን እንደሆነ የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው።

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አዩኝ። «ለምክር ቤቱ ኮሚሽነር ነዋ! የእህቴ ሠርግ ላይ ነበር፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ዝም ካለኝ በሩ ላይ ሄጄ እጮኽበታለሁ። በምርጫም ጊዜ ይመጣል፤ የት ይሄዳል?»

የአሥራ አራት ዓመቱ የደብተሬ ማስታወሻ ያን ጊዜ ተገለበጠብኝ። እኒያ የመጀመሪያዋ ሴት «መንግሥት ይሥራልን» አላሉም ነበር። ለማን ነው የምንናገረው ያሉት የምር ስለማያውቁ ነው። ካቡ ሲፈርስ የሚመለከተው ሰው ባሕር ማዶ ነበር፤ ደብዳቤው በመርከብ ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ ምናልባት መልስ ይመጣል። ሊጮኹበት የሚችሉት በር በደሴቲቱ ላይ አልነበረም። እሳቸው ስለ ራስ አስተዳደር ነበር የጠየቁኝ፤ እኔ ስለ ስንፍና የመለሱልኝ መስሎኝ ጻፍኩ።

ሮድሪግ ገነት ሆናለች ብዬ ሌላ ሐሰት አልጨምርም። የውሃ እጥረቱ እንዳለ ነው፤ በየቤቱ የጣሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሞሪሺየስ ይሄዳል። የበጀቱም ትልቁ ክፍል አሁንም የሚመጣው ከፖርት ሉዊስ ነው፤ ለመዝጊያው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብም ያው የመንግሥት ገንዘብ ነው። አብሮኝ ይዞር የነበረው ያ ወጣት፣ አሁን ጸጉሩ ሳስቷል፣ ቢራ እየጠጣን ኮሚሽነሮቹን አንድ በአንድ ሲያማልኝ አመሸ። ሐሜቱ ግን ስም ያለው ሐሜት ነበር፤ ይሄኛው ይህን አለ፣ ያኛው ያን አላደረገም። በ2001 ሐሜቱ ሁሉ «እነሱ» በሚል ነበር የሚጀምረው።

ከዚያ መልስ የሪፖርቱን ቅጂ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ገጽ 31 ላይ ያለውን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ የሴትዮዋን ጥያቄ እንዳለ፣ ሳልተረጉመው፣ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። የቀጠረኝ ድርጅት ያለው ቅጂ ግን እንዳልተሰረዘ ነው።