ወረቀቱ የጠፋበት ተማሪ

የተፈናቀለ ተማሪ ግቢያችን ሲደርስ መጀመሪያ የምናስበው ስለ መኝታውና ስለ ምግቡ ነው። መልካም ነው፤ የሕዝባችንም ወግ ነው። ፍራሽ ይሰበሰባል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል፣ መምህራን ከደመወዛችን እናዋጣለን፣ የሰፈሩ እናቶች እንጀራና ወጥ ተሸክመው በር ላይ ይቆማሉ። ነገር ግን ፍራሹንም እንጀራውንም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድር፣ ቀይ መስቀል ሊሰጡት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ካልሰጠው በቀር ማንም የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እሱም "ይህ ሰው እዚህ ድረስ ተምሯል" የሚል ምስክርነት ነው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ምስክርነት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ተማሪዎች ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው እንደተመደቡ ታስታውሳላችሁ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ወሎ ዘለቀና የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። የትግራይ ልጆች ደግሞ ትምህርታቸው ለዓመታት ተቋርጦ፣ ያመለጣቸውን የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የትኛውንም ወገን ብንደግፍ፣ ከሁሉም አቅጣጫ የመጣው ተማሪ ያጣው ነገር አንድ ዓይነት ነበር። መዝገቡ ሌላ ቦታ ቀርቷል፤ መዝገቡን የሚያውቀው ሰው ስልክ አይሠራም።

በጦርነቱ ሰሞን ወደ ሲቪል ምህንድስና ዲፓርትመንታችን የመጣች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለች። እጇ ላይ የነበረው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ በውስጡ የአንድ ሴሚስተር ግሬድ ሪፖርት ፎቶ አለ፤ ግማሹ ደብዝዟል። የቀረውን በደብተር ወረቀት ላይ በእጇ ጽፋው መጥታለች። በአንድ በኩል የኮርሱ ስም፣ ቀጥሎ ክሬዲቱ፣ ቀጥሎ ያገኘችው ውጤት፣ በመጨረሻ ያስተማራት መምህር ስም። "መምህር፣ እነሱን ብታገኟቸው ይመሰክሩልኛል" አለችኝ። ሬጅስትራር የሰጣት መልስ ግን አጭር ነበር፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ካልመጣ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። መመሪያው ከዚያ ውጭ የሚያስኬድ መንገድ አልሰጣትም።

መንገዱን ያገኘው አንድ የሥራ ባልደረባችን ነው። ልጅቷን ቢሮው አስቀምጦ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ቢም ሣለ፤ ጭነቶቹን አስቀመጠና እስክሪብቶውን ሰጣት። ሳይነግራት መጀመሪያ የድጋፎቹን ኃይል አወጣች፤ ቀጥላ ሺር ዳያግራሙን፣ ከዚያ ሞመንት ዳያግራሙን ሠራች። መሃል ላይ አንድ ምልክት ተሳስታ ራሷ አገኘችውና ሰርዛ አስተካከለች። የደበዘዘው ፎቶ ሊነግረን ያልቻለውን ያ አንድ ገጽ ነገረን። በዚያ መነሻነት ዲፓርትመንቱ ፈተና አዘጋጅቶላት አብዛኞቹን ኮርሶች ተቀበለ፤ ጥቂቶቹን ደገመች። ይህ የሆነው አንድ ደግ መምህር ስለተገኘ ነው። በጎረቤት ዲፓርትመንት እንደሱ ያለ ሰው ያላገኘ ተማሪ ደግሞ ከአንደኛ ዓመት ጀምሯል።

የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰው ዓመታት በደግ ሰው መገኘትና አለመገኘት ለምን ይወሰናሉ?

ዓለም ይህን ጥያቄ አስቀድሞ አንስቶታል። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ከአንደኛ ደረጃ በላይ ስላለው ትምህርት ሲናገር ከነፃ ትምህርት ዕድሉና ከክፍያ ቅነሳው ጋር የውጭ የትምህርት ማስረጃን ዕውቅና መስጠትንም አብሮ ይጠቅሳል። አንቀጽ 25 ደግሞ ስደተኛው ከሸሸው መንግሥት ሊጠይቅ የማይችለውን ሰነድ ያስጠለለው አገር እንዲያመቻችለት ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የፀደቀው የአፍሪካ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነትም ስለ ስደተኞችና ተፈናቃዮች የሚናገር ድንጋጌ አለው።

ከወረቀት አልፎ በተግባር ያሳየን የኖርዌይ ልምድ ነው። የአገሪቱ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም ሰነድ የሌለውን ስደተኛ በቃለ መጠይቅ መመዘን ጀመረ። የአውሮፓ ምክር ቤትም ያንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስደተኞች የሚሰጥ የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። አመልካቹ የተማረውን በዝርዝር ይሞላል፤ በእጁ ያለውን ቁራጭ ማስረጃ ሁሉ ያያይዛል፤ ከዚያ የመጣበትን አገር የትምህርት ሥርዓት የሚያውቁ ሁለት ገምጋሚዎች ያነጋግሩታል። ስንተኛ ዓመት ላይ ምን ኮርስ ወሰድክ? ላቦራቶሪው እንዴት ነበር? የመመረቂያ ጽሑፍህን በምን ላይ ሠራህ? ያልተማረ ሰው ይህን ሁሉ ፈጥሮ ሊናገር አይችልም። በመጨረሻ የሚሰጠው ሰነድ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ዲግሪ አይተካም፤ ግን ዩኒቨርሲቲውም ቀጣሪውም ውሳኔ የሚሰጥበትን መሠረት ያገኛል።

እኛስ ይህን ማድረግ እንችላለን? እንችላለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎቻችን ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የአንድን ተመራቂ ዕውቀት በፈተና መመዘን ይቻላል ብለን አምነን በመላ አገሪቱ የዘረጋን ሰዎች፣ ለተፈናቀለ ተማሪ በዲፓርትመንት ደረጃ ፈተና ማዘጋጀት አይከብደንም።

ነገሩ የኛን ልጆች ብቻ የሚመለከትም አይደለም። አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የትምህርት መብታቸውን ደንግጓል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድልም ብዙዎችን በዩኒቨርሲቲዎቻችን አስተምሯል። በዓለም ደረጃ ግን ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ2023 ገና 7 ከመቶ ገደማ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2030 15 ከመቶ ለማድረስ አቅዷል። ከኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት የሸሸ ወጣት ትራንስክሪፕቱን ልከው እንዲሰጡት ሊጠይቅ አይችልም። ከካርቱም በመተማ በኩል የመጣ ሱዳናዊ ተማሪ ደግሞ ማኅደሩ ይኑር ይቃጠል እንኳ አያውቅም። ለእነዚህ "ኦሪጅናሉን አምጣ" ማለት "አትማር" ማለት ነው።

አንድ የሚያበረታታ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጣሊያኑ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት የነበሩ ጥቂት ወጣቶችን መርጦ፣ ባሕር ሳያቋርጡ፣ ደላላ ሳይከፍሉ፣ በሕጋዊ ቪዛ በአውሮፕላን ወስዶ ማስተርስ አስተማራቸው። ዩኒኮር የተባለው ይህ ፕሮግራም ዛሬ በርካታ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎችን ይዟል። ለማስተርስ ለማመልከት ግን የመጀመሪያ ዲግሪና ውጤቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሊቢያ በረሃና ከሜዲትራኒያን የሚያድነው መንገድ የሚጀምረው ከአንድ ሬጅስትራር መስኮት ነው።

በዚያው መስኮት ሌላም ሰልፍ አለ፤ የኛው ስደተኞች ሰልፍ። ልጁ ካይሮ ወይም ናይሮቢ ወይም ፍራንክፈርት ነው፤ እህቱ ውክልና ይዛ ቆማለች። የወጪ መጋራት ዕዳው ስላልተከፈለ በእጁ ያለው ቴምፖው (ጊዜያዊ ማስረጃው) እና ስቱደንት ኮፒው ብቻ ነው፤ ኦፊሻሉ አይላክለትም። ኤምባሲ እንዳይሄድ ጥገኝነት ጠይቋል፤ ይፈራል። ሠርቶ እንዳይከፍል በሙያው የሚያሠራው ወረቀት እኛ ዘንድ ተቆልፏል። የወጪ መጋራት ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ መከፈልም አለበት። ዕዳው ግን የሚከፈለው ባለዕዳው ሥራ ሲይዝ ነው። ትራንስክሪፕቱን አስቀድመን ልከን የክፍያ ውሉን ብናድስ ልጁም ያልፍለታል፣ መንግሥትም ገንዘቡን ያገኛል።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ውስጥ ለምትቀመጡ መምህራንና ኃላፊዎች የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የተማሪዎች መዝገብ ቅጂ ከግቢው ውጭ፣ ሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ ጦርነት እንደገና ቢመጣ አንድ ሕንፃ ሲቃጠል የሺህ ልጆች ልፋት አብሮ እንዳይቃጠል። እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ሰነድ የሌለውን ተማሪ ፈትኖ ኮርስ የመቀበል ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ይኑረው። ጥገኝነት የጠየቀ ተመራቂ ወጪ መጋራቱን በኋላ እንዲከፍል ተፈቅዶለት ኦፊሻሉ በቀጥታ ለሚማርበት ተቋም ይላክለት። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሳይንከራተት ጉዳዩን ይዞ የሚጨርስለት አንድ ስሙ የታወቀ ሰው ይመደብለት። ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ትልቅ በጀትም አይጠይቅም። በሴኔት ሌጂስሌሽናችን ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጠይቃል።

የሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ሲዘጋጅ ይህን አስገቡልን። ያቺ ተማሪ ዛሬ መሐንዲስ ናት። ያን ቀን ዕድለኛ ስለነበረች ነው፤ ከእሷ በኋላ የሚመጡት ግን በዕድል ሳይሆን በመብት እንዲያልፉ ማድረግ በእጃችን ነው።