ማስታወሻ ደብተሬና ቡድናችን

በምክር አገልግሎት ሥልጠናችን መምህራችን ሁለት ነገር አዘዙን፤ በየሳምንቱ ስለራሳችን ማስታወሻ መጻፍና ስምንት ሆነን በቡድን መሰብሰብ። "የቤት ገበና ደጅ አይወጣም" እየተባልኩ ላደግሁት ለእኔ፣ መጻፉስ ይሁን፣ ማውራቱ ግን ከባድ ነበር። መምህራችን ቁርጡን ነገሩን፤ ከደብተራችን የምናነበውን የምንመርጠው እኛው ነን፤ በቡድኑ የተነገረም ከዚያ አይወጣም።

ብሩስ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ቡድን ይመሠረታል፣ ይጋጫል፣ ደንብ ያበጃል፣ ሥራ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው ይላል። የእኛም ግጭት አልቀረም። በአራተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ ለጓደኛው "ምክር መች ጠየቅኩህ? ዝም ብለህ ስማኝ!" አለው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ማታ ደብተሬን ስከፍት የመጣብኝ የአባቴ ለቅሶ ነው። ያኔ የመጣው ሰው ሁሉ "ወንድ ነህ፣ በርታ፣ እናትህን አጽናና" አለኝ፤ አንተስ እንዴት ነህ ያለኝ ግን አልነበረም። ሁለት ገጽ ሞላሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አነበብኩላቸው። ማንም አልመከረኝም። አንዷ ብቻ "ይህን ለማን አውርተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። "ገና ዛሬ ለእናንተ" አልኳት።

ባልጽፈው ኖሮ የምናገርበት ቃል አላገኝም ነበር፤ ጽፌ ባላነበው ደግሞ እንደተቀበረ ይቀር ነበር። ገበናዬም አልወጣም፤ ሰባት ጠባቂ ጨመረ እንጂ። ነገ አንድ ተማሪ ፊቴ ተቀምጦ ዝም ቢል፣ ቶሎ "አይዞህ" ብዬ አፉን አልዘጋውም። የሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኞች ሆይ፣ ደብተሩን ለማርክ ብቻ ብላችሁ አትጻፉት።